መስኮቱን ነክቶ የመጣ ሲባጎ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ቤዛ አዲስ የገባችበትን ኮንዶሚኒየም መጥተሽ እዪልኝ ብላ ጠርታኝ ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃው ጉልበቴን ጨረሰው። የቀለሙ ሽታ ገና አልለቀቀም፤ ሳሎኑ ውስጥ ከፕላስቲክ ወንበር በቀር ምንም የለም። እሷ ግን ቤተ መንግሥት የገባች ያህል ከክፍል ክፍል ታስሮጠኛለች። ደስ ይበላት፣ የራሷ ቤት ነው።

የመጋረጃ ሠራተኛው ሊለካ የመጣው እኔ እዚያ እያለሁ ነው። ሜትር ሲዘረጋ ጫፉን ልይዝለት ብዬ ስነሳ፣ ከኪሱ ሞባይል የምታክል ዕቃ አውጥቶ ግድግዳው ላይ ቀይ ነጥብ አበራ። ጢት አለች። ዞር ብሎ ደግሞ ጢት። "በቃ፣ ጨርሻለሁ" አለና ዕቃውን ኪሱ ከተተ። መስኮቱን በእጁ እንኳ አልነካውም።

"አየሽ አክስቴ፣ ዘመኑን?" አለችኝ ቤዛ።

"አየሁ፣ አየሁ" አልኳት። ሳላስበው ፊቴ ተኮሳትሮ ኖሮ "ምነው፣ ከፋሽ እንዴ?" ብላ ደነገጠች። "አይ፣ ደረጃው ነው" ብዬ አለፍኩት። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ባጃጁ ውስጥ ቁጭ ብዬ የማስበው ስለ ጓደኛዬ ስለ ዘነበች ሲባጎ ነበር። ስንት ዓመት አለፈው፤ ባስታወስኩት ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ጊዜው በእኛ አቆጣጠር ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ነው። እኔ ገና ሃያ አንድ ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ቤሩት ነበርኩ። ኻልዴ ከነበረችው ማዳሜ ቤት ወጥቻለሁ። "ወጥቻለሁ" የምለው ለጨዋነት ነው እንጂ፣ ቆሻሻ ልድፋ ብዬ ወርጄ በዚያው ቀረሁ። ፓስፖርቴ እሷ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ እኔ ናባዓ።

ናባዓ ከቡርጅ ሐሙድ ጀርባ ያለች፣ ቤት በቤት ላይ የተደራረበባት የድሃ ሰፈር ናት። ጎረቤት ሽንኩርት ሲያቁላላ እኛ እናስነጥሳለን። በሁለት ሕንፃ መካከል የኤሌክትሪክ ሽቦው ተተራምሶ ሰማዩን ይጋርደዋል። ጠዋት ጠዋት ከታች ካለው ዳቦ ቤት የመናኢሽ ሽታ ይመጣል፤ ትኩስ ቂጣ፣ ላዩ ላይ ዘይትና ዛዕተር የሚሉት ቅመም የተቀባ። ያንን እያሸተትን፣ ሻይ በደረቅ ኾብዝ፣ በትናንቱ የዐረብ ቂጣ፣ ጠጥተን ወደ ሥራ። ክረምታቸው የሚመጣው በእኛ በጋ ነው። አገር ቤት ጥምቀት ሲከበር እዚያ ዝናቡ ሳያባራ ይወርዳል፣ ግድግዳው ያልበዋል፣ ፍራሻችን ይሻግታል።

ሦስት ሆነን ነበር አንድ ክፍል የተከራየነው። ሂሩት የሐዋሳ ልጅ ናት፤ ጴንጤ ናት፤ ስትቆጣ እንኳ "ጌታ ይባርክሽ" ብላ ነው የምትቆጣው። ሌላዋ ዘነበች ናት፤ የወሊሶ ልጅ፣ ታላቃችን። ዘኑ ነው የምንላት። ጠዋት ጠዋት የሕንፃ ደረጃ ታጥባለች፤ ክሎሩ ጣቶቿን ልጦ ጨርሷቸዋል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቡርጅ ሐሙድ፣ አንድ ሽማግሌ አርመን መጋረጃ የሚሰፉበት ሱቅ ትሄዳለች። መጀመሪያ የገባችው ወለል ልትጠርግ ነበር። አንድ ቀን ሰፊያቸው ከሥራ ስትቀርባቸው "እስቲ ይህን ጠርዝ ቀምቅሚልኝ" አሏት፤ ቀመቀመችላቸው፤ ከዚያ ወዲያ መጥረጊያውን ለሌላ ሰው ሰጡት። ከጥቅል የተረፈውን ጨርቅ፣ ፋሽኑ ያለፈበትን ናሙና ሁሉ ለእሷ ይሰጧታል። በመጨረሻ በእጅ የሚዞር አሮጌ የስፌት መኪና ጨመሩላት። ሦስታችን ተሸክመን ፎቅ ስናወጣው፣ ሂሩት ጌታን ያልጠራችበት ደረጃ የለም።

ከዚያ በኋላ ክፍላችን ስፌት ቤት ሆነ። ዘኑ ናሙናዎቹን አራት ማዕዘን እየቆረጠች፣ ቀለም ከቀለም እያጋባች ገጣጥማ የትራስ ልብስ ትሠራለች። ከተረፈው ክር በኪሮሽ የብርጭቆ ማስቀመጫ ትሠራለች። እኔንም አስተማረችኝ፤ አስተማሪ ስትሆን ደግሞ ክፉ ናት።

"ጨርቁን ሳታጥቢ ቆረጥሽው? ነገ ሲሸበሸብ የሰው መሳቂያ ሊያደርግሽ ነው።"

"መጋረጃ የመስኮቱን ወርድ እጥፍ ካልሆነ መጋረጃ አይባልም፤ አንሶላ ነው።"

አንድ የምትወደው ነገር ነበራት። እሁድ ባሕር ዳር ስንሄድ ደቃቅ ጠጠር ትለቅማለች፤ ከዚያ መጋረጃው ታች፣ እጥፋቱ ውስጥ አንድ በአንድ ትሰፋቸዋለች። ነፋስ እንዳያነሳው፣ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ። "ያኒ፣ ማለቴ፣ ጨርቅም ክብደት ይፈልጋል" ትለኝ ነበር።

የሚገርመው ግን የእኛ መስኮት መጋረጃ አልነበረውም። መስታወቱ ተሰንጥቆ ስለነበር የሙዝ ካርቶን በፕላስተር ለጥፈንበት ነው የምንኖረው። "ዘኑ፣ በእናትሽ፣ ለዚህችም አንድ ቁራጭ ጣል አድርጊላት" ስላት፣ "ይሄ ቤት ነው እንዴ? ይሄ ማደሪያ ነው። የእኔ መስኮት ወሊሶ ነው" ትለኛለች።

እውነቷን ነው። ወሊሶ፣ እናቷ ግቢ ውስጥ ቤት እያሠራች ነበር። ሥራውን የሚከታተልላት ታናሽ ወንድሟ ጌታሁን ነው። ቆርቆሮው ለበሰ፣ ልስኑ አለቀ፣ መስኮቱ ገባ እያለ በስልክ ይነግራታል፤ እሷም ያገኘችውን ሁሉ ትልካለች። የክረምት ጫማ እንኳ አልነበራትም፤ በነጠላ ጫማ ነው ያንን ውሃ የምትረግጠው። የመኖሪያ ወረቀት የለን፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ይዘው ሊጠርዙን ይችላሉ። እኔና ሂሩት ፖሊስ ባየን ቁጥር መንገድ ስንቀይር ዘኑ ትስቃለች። "ቢይዙኝስ? ወደ ቤቴ ነው የሚልኩኝ" ትላለች። በዓለም ላይ ያላት መግቢያ ያ ቤት ነበር።

ሲባጎዎቹ የመጡት ያን ሰሞን ነው። ከወሊሶ የመጣች ልጅ ከሽሮና ከበርበሬ ጋር በፌስታል ጠቅልላ አመጣቻቸው። ለሳሎኑ መስኮት ወርድ አንድ፣ ለቁመቱ አንድ፤ ለመኝታ ቤቱም እንዲሁ፤ የማድ ቤቱ ትንንሾች ናቸው። በየጫፋቸው ተቋጥረዋል። እንዳይምታቱ የሳሎኑ ላይ ቀይ ክር፣ የመኝታ ቤቱ ላይ ነጭ ክር ታስሯል። እኔ በሳቅ ፈረስኩ።

"አንቺ ሴትዮ! ወሊሶ ሜትር ጠፋ? ቁጥሩን በስልክ አይነግርሽም?"

"ቁጥር ይሳሳታል" አለችኝ፣ ሲባጎውን በጣቷ እየዳበሰች። "ስልኩ ሲቆራረጥ ሰባውን ዘጠና ብለሽ ትሰሚዋለሽ። ይሄ ግን መስኮቴን ነክቶ የመጣ ነው።"

አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ አሸተተችው። ለእኔ በርበሬ በርበሬ ነው ያለኝ። ለእሷ ምን እንደሸተታት እንጃ፤ ብቻ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ከዚያ ሁሉንም ራስጌዋ ሚስማር ላይ ሰቀለቻቸው።

ጨርቁን ሽማግሌው አርመን ሰጧት፤ ክሬም መደብ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ያለበት፣ ወፍራም፣ ለአንድ ሀብታም ቤት ተቆርጦ የተረፈ። ወለሉን ወልውላ ጨርቁን ትዘረጋለች፣ ሲባጎውን ላዩ ላይ ታስተኛለች፣ ትንፋሿን ይዛ ትቆርጣለች። ነጭ ገበር ገባበት። ለመኝታ ቤቱ ከቁርጥራጭ የተገጣጠመ የአልጋ ልብስ ሠራች፤ ትራሶቹ ላይ "መልካም እንቅልፍ" ብላ ጠለፈችባቸው፤ ያኔ የማይጠለፍበት ቤት አልነበረም። በመሃል በመሃል ጠመኔውን አንስታ ቤቷን ወለሉ ላይ ትስልልናለች። "እማዬ እዚህ ጋ ትቀመጣለች። ፀሐይ በዚህ በኩል ትገባለች። እኔ እዚህ መኪናዬን አስቀምጬ ለሰው መጋረጃ እሰፋለሁ።" ሂሩት ሳታስብ በጠመኔው ሳሎን ላይ ስትረግጥ "በበሩ ግቢ እንጂ!" ብላ ትጮህባታለች። ሂሩትም ወደ ኋላ ተመልሳ፣ የጠመኔውን በር ከፍታ ትገባለች። ሦስታችንም እንስቃለን። ያን ክረምት ስናስበው ብርዱን ብቻ ማስታወስ ውለታ ቢስነት ነው፤ ደስ ብሎናል።

የሳሎኑና የመኝታ ቤቱ አልቆ፣ ለገና ወደ አገር በምትገባ ልጅ ተላከ። የቀረው የማድ ቤቱ ብቻ ነበር።

አሁን ስለ ፎቶው ልናገር፤ ያለ እሱ ነገሩ አይገባም። የዚያን ጊዜ ልጆች ሁላችንም አንድ ዓይነት በሽታ ነበረብን። ማዳም ከቤት ወጣ ስትል ደህናዋን ልብሳችንን ለብሰን፣ ሳሎኗ ገብተን፣ ባለ ወርቅ ቅቡ ሶፋዋ ላይ እግር አጣምረን ፎቶ እንነሳለን። መንገድ ላይ ደግሞ የቆመ መኪና ካየን እንደገፋለን። እኔም ተነስቻለሁ። ለጉራ አይደለም፤ እናት እንቅልፍ እንድትተኛ ነው። በረንዳ ላይ ከልብስ ማጠቢያው ጎን አድራለሁ ብላ ማን ለእናቷ ትናገራለች?

ዘኑም ናባዓ ከመምጣቷ በፊት ፋናር፣ ኮረብታው ላይ፣ አንዲት ማዳም ቤት ትሠራ ነበር። ማዳሚቱ ፀጉሯን ልትሠራ በወጣችበት የጎረቤት ሠራተኛ መጥታ አነሳቻት። ዘኑ ሶፋው ላይ ሆና፣ የማዳሚቱን አበባ አቅፋ፤ ከኋላዋ ወይን ጠጅ ቬልቬት መጋረጃ እስከ ወለል ወርዷል፣ ወገቡ በወርቅማ ገመድ ታስሯል። ፎቶው ሲያልቅ ሶፋውን በእጇ አለሰለሰችው፤ የተቀመጠችበት እንዳይታወቅ። ፎቶውን ለእናቷ ላከችው። ከዚያ ቤት ጠፍታ ናባዓ ስትገባ ግን ለእናቷ አልነገረችም። ስልክ ላይ "ቤትሽ እንዴት ነው?" ሲሏት "ደህና ነው" ትላለች፤ ካርቶኑን አታነሳም።

ከዚያ ጌታሁን አገባ። ዘኑ ሠርጉን ታውቅ ነበር፤ ድግሱን የደገሰችው እሷ ናት ማለት ይቻላል። ከፋሲካ በኋላ የሠርጉ ቪዲዮ ካሴት መጣላት። ካሴቱ ይምጣ እንጂ እኛ በየት በኩል እንየው? ማጫወቻ ያለው የሂሩት አዳራሽ ነው። የሂሩት አዳራሽ ስል፣ በአዘቦት ቀን ልጆች ካራቴ የሚማሩበት ምድር ቤት ነው፤ አማኞቹ ለእሁድ ይከራዩታል። እኔና ዘኑ ጴንጤ አይደለንም፤ ግን እሁድ አበሻ የሚገኘው እዚያ ስለሆነ፣ እግዜርም አይቀየመንም ብለን እንሄዳለን። የመድረኩን መጋረጃ የሰፋችላቸው ዘኑ ስለሆነች ሁሉም ይወዷታል። ካሴቱን እዚያ እንድናይ ፈቀዱልን፤ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁ፦ ዓለማዊ ዘፈን በአዳራሹ አይሰማም።

ስለዚህ ሂሩት ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ወንበር ይዛ የድምፁ ተቆጣጣሪ ሆነች። ዘፈን ሲመጣ ትዘጋዋለች፤ ሰው ሲናገር ትከፍተዋለች። ከአምልኮ በኋላ፣ ሩዝና ታቡሌ የሚሉት ሰላጣ በሳህን እየተዞረልን፣ ሠርጉን ያየነው እንዲህ ነው። ሰዉ ያለ ድምፅ ይጨፍራል፣ ያለ ድምፅ ያጨበጭባል። አንድ ሽማግሌ ያለ ምንም ሙዚቃ ትከሻቸውን ሲያንቀጠቅጡት ሴቶቹ ሁሉ በሳቅ ተንፈራፈሩ። ሙሽራው ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል፤ ዘኑ "ወይ ጌታሁን፣ ያንን ኮት ለክቼ ላስተካክልልህ ይገባኝ ነበር" አለች።

ከዚያ የሙሽሮቹ መኪና እናቷ ግቢ ደረሰ። ካሜራው አዲሱን ቤት ከውጭ አነሳው። መስኮቱ ብቅ አለ፤ በመስታወቱ ውስጥ ክሬም መደብ፣ አረንጓዴ ቅጠል።

"መጋረጃው! የዘኑ መጋረጃ!" አልኩ እኔ፣ ከሁሉም ቀድሜ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። አንዷ "ሃሌሉያ!" አለች። ዘኑ ከመቀመጫዋ ተነስታ ቴሌቪዥኑ ስር ሄደች።

"ምን ነካቸው?" አለች። "ፊቱን ለመንገድ ሰጥተው፣ ገበሩን ወደ ቤት!"

"አላፊ አግዳሚው እንዲያየው ነዋ!" አሏት ከኋላ፤ ሳቅ ሆነ። እሷም ሳቀች። "ለመሆኑ አያችሁት? ልክ ነው። አንድ ጣት አልጎደለም። ድግሱን እኔ ቤት ማድረጋቸው ነው፤ ይሁን፣ ተመረቀልኝ ማለት ነው" አለች። ፊቷ እንዲያ ሲበራ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም።

ካሜራው ገባ። ሳሎን፣ ከዚያ መኝታ ቤት። የገጣጠመችው የአልጋ ልብስ ተነጥፏል፣ "መልካም እንቅልፍ" ትራሱ ላይ ይነበባል፣ ሙሽራዋ አልጋው ጫፍ ላይ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ግድግዳው ጥግ የሙሽራዋ ሻንጣዎች ተደርድረዋል፤ ቁም ሳጥኑ ተከፍቶ ልብሷ ተሰቅሏል። እዚህ ላይ ሴቶቹ እልልታውን ቀነሱት። እኔም ዘኑን ገልመጥ አደረግኳት። እሷ ገና ስፌቱን ነበር የምታየው።

ከዚያ ለውጭ አገር ዘመድ መልእክት የሚተላለፍበት ቦታ ደረሰ። ሂሩት፣ ሰው ሊናገር ነው ብላ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። የዘኑ እናት ማይክ ይዘው ቆመዋል። ከራሳቸው በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ያ የፋናሩ ፎቶ በትልቁ ታጥቦ በመስታወት ተሰቅሏል።

"ዘኑዬ፣ የእኔ ዓለም፣ እንኳን ደስ ያለሽ" አሉ እናቷ። "ወንድምሽን ዳርንልሽ። መጋረጃሽ ደርሶ ይኸው ቤቱ አማረ። እንግዳው ሁሉ ያንቺን ቤት አይቶ ጉድ አለ" ብለው ወደ ፎቶው አመለከቱ። "ያን የመሰለ ሶፋ፣ ያን የመሰለ መጋረጃ። ጌታሁንም፣ እሷማ እዚያ እንዲህ ያለ ቤት እያላት ይህችን ጎጆ ምን ታደርጋታለች አለኝ፤ እኔም ልጄ ደግ ናት፣ እምቢ አትልም አልኩና ቤቱን ለሙሽሮቹ መረቅንላቸው። እግዚአብሔር ያንቺን ቤት ያስፋልሽ፣ ልጄ።"

ካሴቱ ወደ ጭፈራው ተመለሰ። ዘፈኑ አዳራሹን ሲሞላው ማንም ድምፁን አልቀነሰውም፤ ሂሩት እጇ ቁልፉ ላይ እንዳለ ደርቃ ቀርታለች። "አጥፊው! ምን ታያለሽ፣ አጥፊው እንጂ!" ብዬ ጮህኩባት።

"ኸላስ፣ በቃ፣ ተያት" አለች ዘኑ። "ይጨርስ።"

ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠችና ካሴቱን እስከ መጨረሻው አየችው። ሴቶቹ አንድ በአንድ ሳህናቸውን እያነሱ ወጡ። አንዷ ትከሻዋን ነካ አድርጋ "ሐራም" ብላት ሄደች፤ ታሳዝኛለሽ ማለቷ ነው።

በማግስቱ ስልክ መደወያ ሱቅ አብሬያት ሄድኩ። የመስታወቷ ክፍል ለአንድ ሰው የተሠራች ናት፤ ተጣብቀን ገባን። የወሊሶ ስልክ የጎረቤት ነው፤ እናቷ እስኪጠሩ ጠበቅን። እኔ መንገዱን ሙሉ ስሰብካት ነበር የመጣሁት፦ ንገሪያት፣ የሰው ቤት ነው በያት፣ ካርቶኑን ንገሪያት፣ ደረጃውን ንገሪያት። እናቷ እየጮኹ ስለሚያወሩ እያንዳንዱ ቃል ይሰማኛል።

"ካሴቱ ደረሰሽ፣ ልጄ?"

"ደረሰኝ፣ እማዬ። እንኳን ደስ ያላችሁ።"

"ድምፅሽ ምነው? ቅር አለሽ እንዴ?"

"አይ፣ ብርድ ይዞኝ ነው።"

 እናቷ ከዚያ የተናገሩትን ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። "ስሚኝ ዘኑ። ጌታሁን ጨቀጨቀኝ እንጂ እኔ ልቤ አልተኛም። ያንቺ ላብ ነው። መግቢያ የለኝም ካልሽኝ ዛሬውኑ አስወጣዋለሁ፤ ወንድምሽም ቢሆን። እውነቱን ንገሪኝ፣ ቤት አለሽ?"

በክርኔ ጎሰምኳት። በከንፈሬ "ንገሪያት! ንገሪያት!" እላለሁ። ዘኑ አላየችኝም። መስታወቱ ላይ የምታየው የራሷን ፊት ነበር።

"ቤትማ አለኝ፣ እማዬ" አለች።

ውጭ ስንወጣ አበድኩባት። መንገድ መሃል ቆሜ፣ በአማርኛም በዐረብኛም፣ ያልተሳደብኩት ስድብ የለም። እሷ ዝናብ ያቆረውን ውሃ በነጠላ ጫማዋ እየረገጠች ሄደች። ካርቶኑ የተለጠፈበት መስኮታችን ስር ስንደርስ ዞረች። "ፎቶውን እኮ ሰቅላዋለች" አለችኝ። "አገር ሁሉ አይቶታል። አሁን የሰው ሶፋ ነው ብላት በየት በኩል አውርዳ ለሰው ምን ትላለች?"

በእናቲቱ አልፈርድም፤ ያዩትን ነው ያመኑት። ጌታሁን ግን ያንን ሲባጎ ሲቋጥር ለማን መስኮት እንደሚቋጥር ያውቅ ነበር ብዬ እስከ ዛሬ አምናለሁ። ማስረጃ አምጪ ካላችሁኝ የለኝም። ብቻ ልጅቷ ባሕር ዳር ጎንበስ ብላ ጠጠር ስትለቅምለት አይቻለሁና፣ ይቅር ማለት አልሆነልኝም።

ለማድ ቤቱ የተቆረጠውን ጨርቅ ዘኑ ያን ሳምንት ቆራርጣ የድስት መያዣ ሠራችው። ድርብርብ፣ በመሃሉ አሮጌ ብርድ ልብስ ያለበት፣ ጠርዙ የተቀመቀመ፣ ጫፉ ላይ መስቀያ ያለው። ለአዳራሹ ሴቶች ሁሉ አደለች። በየማዳሙ ቤት የሰው ድስት እያወረድንበት ኖርን። ሲባጎዎቹን ከሚስማሩ አውርዳ የተተረተረውን የፍራሿን ጠርዝ ሰፋችባቸው።

እኔ ከዚያ ብዙም ሳልቆይ ተይዤ ተጠረዝኩ። ዘኑ የዘጠና ስምንቱ የሊባኖስ ጦርነት እስኪመጣ ዓመታት ቆየች፤ ያኔ ከተመለሱት ጋር መጣች። እናቷን በሕይወት አላገኘቻቸውም። ወሊሶ ሄዳ፣ በዚያ ቤት ሳሎን ውስጥ እንደ እንግዳ ሻይ ቀርቦላት፣ ሰንብታ ተነሳች። ጌታሁን አውቶቡስ ድረስ ሸኛት፤ ሻንጣዋንም ያዘላት፣ ጨዋ ሰው ነው። አሁን እዚህ ናዝሬት፣ እኔ ግቢ ካለችው ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ትኖራለች። ኪራይ አልቀበላትም፤ እሷ ደግሞ ግቢውን ካልጠረግኩ ብላ ትጣላኛለች።

ክፍሏ የመንገድ ዳር ናት፤ መስኮቷም ወደ መንገድ ነው። ከገባች ጀምሮ ምንም አልተሰቀለበትም። አልጋዋ፣ ድስቷ፣ ሬዲዮዋ፣ ሁሉም ለአላፊ አግዳሚው ይታያል። ለሰፈሩ ልጆች ቀሚስ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ መጋረጃ ግን ጠይቀዋት አያውቁም እንጂ ቢጠይቋትም አትሰፋም። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ኩርፊያ ነው ብዬ ነበር የማስበው። የሆዷን በሆዷ የያዘች፣ ቤት ስትነጠቅ መጋረጃንም የጠላች።

ቅዳሜ ዕለት ከባጃጅ እንደወረድኩ የእሷን በር አንኳኳሁ። ስለ ቀዩ ነጥብ ስነግራት ከልቧ ሳቀች። "ጢት አለ? በቃ?" እያለች አስደገመችኝ። ሳቋ ደፋር አደረገኝና ከኪሴ ሲባጎ አወጣሁ፤ መንገድ ላይ ገዝቼ ነው የመጣሁት።

"ተነሺ፣ ያላ፣ ዛሬ እለካልሻለሁ" አልኳት። "ደህና ቁራጭ ጨርቅ አለኝ። ሰው ሁሉ ያይሻል እኮ፣ ዘኑ!"

"ይየኝ" አለችኝ። ቀና ብላ መንገዱን አየች፤ አንዲት ሴትዮ ዘንቢል ይዛ እያለፈች ወደ ውስጥ ገልመጥ አለች። "አልጋዬም ይኸው፣ ድስቴም ይኸው። እማዬ ያኔ በናባዓ መስኮቴ በኩል አንዴ ብታየኝ ኖሮ ቤቴ አይወሰድም ነበር።"

ሲባጎውን ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩና አጠገቧ ቁጭ አልኩ፣ መንገደኛው እያየን።